መኪና ተሳቢ ላይ ሲጫን ማን የት ይቁም?

የምኖረው ገላን ነው። ሥራዬ መኪና በተሳቢ ጭኖ ማድረስ ነው። ቃሊቲ ጋራዥ የተኛ ኮሮላ፣ ሰበታ መንገድ ዳር የቆመ ሚኒባስ፣ ከሞጆ ደረቅ ወደብ የወጣ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና፣ አንዳንዴም ከሰንዳፋ የሚመጣ ትራክተር። ሰው ስለዚህ ሥራ ሲጠይቀኝ የሚጀምረው መኪናውን በብረት ገመድ ስቦ ከሚያወጣው ማሽን፣ ከዊንቹ ነው። "ስንት ቶን ይጎትታል?" ይላል። እኔ የምጀምረው ከሌላ ቦታ ነው። ሲጫን ሰው የት ነው የሚቆመው?

እኔ እንዳየሁት መኪና ሲጫን ክፉ ነገር የሚደርሰው መሪ በያዘው ሰው ላይ አይደለም። ከኋላ ሆኖ በሚገፋው ላይ ነው። ድንጋይ ይዞ ጎማ ሥር በሚጎነበሰው ላይ ነው። በመኪናውና ተሳቢውን በሚስበው ጎታች መሀል ቆሞ "ና! ና! ና!" በሚለው ላይ ነው። አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው። ከእነሱም ብዙዎቹ ለመርዳት ብለው ጠጋ ያሉ መንገደኞች ናቸው። ይህን የምጽፈው ለእነሱና ለሚያሠሯቸው ሰዎች ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። የተሳቢው ወለል ከመሬት 1 ሜትር ከፍ ብሎ መወጣጫው 4 ሜትር ቢረዝም፣ 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና ወደ ኋላ ለመመለስ የሚገፋው በ375 ኪሎ ያህል ኃይል ነው። መወጣጫው 2 ሜትር ብቻ ከሆነ ደግሞ 750 ኪሎ ይደርሳል። ጭቃ ላይ የቆመ ሰው ይህን በትከሻው አይመልሰውም። ዊንቹ ከያዘው መግፋት አያስፈልግም። ዊንቹ ካልያዘው መግፋት አያድንም። ረጅም መወጣጫ ማሠራት ገንዘብ ይጠይቃል፤ ግን ከሁሉም ወጪ በፊት ይህን አውጡ እላለሁ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሕጌ ይህ ነው። የመኪናው ጎማ መወጣጫውን ከነካበት ጊዜ ጀምሮ በቁልቁለቱ በኩል ማንም አይቆምም። ባለቤቱም ቢሆን፣ ወንድሜም ቢሆን። በጎን በኩልም ቢያንስ የመኪናውን ቁመት ያህል ራቁ፤ ጎማው ከመወጣጫው ጠርዝ ከሳተ መኪናው ወደ ጎን ነው የሚገለበጠው። ወለሉ ላይ ከመኪናው ፊት ለፊት መቆምም ክልክል ነው። መኪናው ዳገቱን ጨርሶ ወለሉ ላይ ሲወጣ ድንገት ስለሚቀለው ወደ ፊት ይፈተለካል።

ስለ ድንጋዩም ልናገር። እኛ አገር ረዳት ሲባል ድንጋይ ይዞ የሚሮጥ ልጅ ነው። መኪና ዳገት ላይ ሲቆም "ድንጋይ አድርግ!" ይባላል፤ ልጁም ዘሎ ወርዶ ጎማ ሥር ይወትፋል። በሚንቀሳቀስ መኪና ሥር ይህ በፍጹም አይደረግም። ክብ ድንጋይ ይንሸራተታል፤ ጣትም ይዞ ይገባል። ከእንጨት የተጠረበ ታኮ አሠሩ። ቁመቱ የጎማውን ሩብ ያህል ይሁን፤ ረጅም እጀታም ይኑረው። የእኔ ታኮዎች ላይ የባሕር ዛፍ ዘንግ መትቼባቸዋለሁ። ረዳቴ ከጎን ቆሞ በዘንጉ ይገፋቸዋል። እጁም እግሩም ጎማ ሥር አይገባም።

መኪናው አምልጦ መንሸራተት ከጀመረስ? ተዉት። አትያዙት፣ አትሩጡበት፣ በሩን ከፍታችሁ ፍሬን ልትይዙ አትዝለሉ። ሥራውን ያስተማሩኝ አዛውንት ሹፌር፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ "ልጄ፣ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ አለው፤ እግር ግን የለውም" ይሉኝ ነበር። ከዚህ የተሻለ አባባል አላገኘሁም።

ቦታውና መሬቱ

ከአቃቂ ወደ ዱከም ያለው መሬት ብዙው ዋልካ ነው። በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይለሰልሳል። የሚያታልለው ደግሞ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ያለው ጊዜ ነው፤ ላዩ የደረቀ ይመስላል፣ ሥሩ ግን ገና እርጥብ ነው። የመወጣጫው አንዱ ጫፍ ሲሰምጥ መኪናው መሀል መንገድ ላይ ያጋድላል። ስለዚህ አስፋልት ወይም ጠጠር የፈሰሰበት ግቢ ፈልጉ። ካልተገኘ ከመወጣጫዎቹ ጫፍ ሥር ሰፊና ወፍራም ሳንቃ አንጥፉ። ከመጫናችሁ በፊት በተረከዛችሁ መሬቱን ረገጥ ረገጥ አድርጉት። ተረከዛችሁ ከገባ ጎማውም ይገባል።

መሬቱ ወደ ጎን ያጋደለ ከሆነ አትጫኑ። ሌላ ቦታ ሂዱ።

ከከተማው ዳር ብዙ ሰው መወጣጫ የለውም። አይሱዙውን ወደ አፈር ጉብታ አስጠግቶ መኪናውን ከጉብታው ላይ በቀጥታ ወደ ወለሉ ይነዳል። በበጋ፣ በደንብ በተጠቀጠቀ ጉብታ ይሆናል። በክረምት የጉብታው ጠርዝ የመኪና ክብደት ሲያርፍበት ይናዳል። በጉብታውና በወለሉ መሀል ያለውን ክፍተት በሳንቃ ብቻ የምትሸፍኑም ከሆነ ሳንቃው መታሰር አለበት። የባሕር ዛፍ ሳንቃ ጠንካራ ነው፤ ግን ጉጥ ያለበትንና የተሰነጠቀውን ለዩ። ሲርስ ደግሞ ያንሸራትታል። አሸዋ በትኑበት፤ የጎማውንም ጭቃ ቀድማችሁ ፋቁት።

ወደ ላይም እዩ። በአዳዲስ ሰፈሮች የመብራት ሽቦ ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሎ ታገኙታላችሁ። ተሳቢው ላይ ያለ ትራክተር፣ ወይም ወለሉ ላይ ቆሞ እጁን ያነሳ ሰው፣ ከምታስቡት በላይ ይቀርበዋል።

ከዋና መንገድ ዳርም ውጡ። የድሮው ደብረ ዘይት መንገድ ላይ ሲኖትራክ በአጠገባችሁ እያለፈ መኪና መጫን ራሱን የቻለ አደጋ ነው። መኪናው እዚያው ተበላሽቶ ምርጫ ከሌላችሁ የማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘኑን ራቅ አድርጉ፣ አንጸባራቂ ሰደርያ ልበሱ፣ ሥራውን ሁሉ መኪና በማያልፍበት ጎን ሥሩ።

የጎታቹ ፍሬን ለምን ይለቃል

ብዙ ሰው የማያውቀው አደጋ ይህ ነው። በፒክአፕ የሚጎተት፣ አክስሉ መሀል ላይ የሆነ ተሳቢ እንደ ሚዛን ነው የሚሠራው። የሚጫነው መኪና የፊት ጎማውን የተሳቢው ጅራት ላይ ሲያሳርፍ ጅራቱ ይወርዳል። ያኔ ጋንቾው፣ ማለትም ከፒክአፑ ጋር የሚያያዘው መያዣ፣ ያለበት ጫፍ ወደ ላይ ይነሳል። ሲነሳ የፒክአፑን ቂጥ ይዞ ነው። የፒክአፑ የእጅ ፍሬን ደግሞ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው። የኋላ ጎማዎቹ መሬቱን በቅጡ ካልረገጡ የእጅ ፍሬኑ እስከ ጥግ ተስቦም ዋጋ የለውም። ጎታቹም፣ ተሳቢውም፣ ግማሽ የወጣው መኪናም አብረው ይሄዳሉ።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ታኮ በጎታቹ የፊት ጎማዎች፣ በሁለቱም ጎን፣ ከፊትም ከኋላም አስገቡ። ከተሳቢው ጅራት ሥር ግራና ቀኝ የድጋፍ እግር አቁሙ። የተሠራለት እግር ከሌለ ወፍራም ግንድ ቆርጣችሁ ደግፉ፤ ክሪክ ግን አይሆንም፣ ወደ ጎን ይወድቃል። ጎታቹ ፎር ዊል ካለው አስገቡትና ማርሽ ውስጥ ተዉት፤ ያኔ የፊቱም ጎማ አብሮ ይይዛል። የጋንቾው ፒን መቆለፉን በእጃችሁ ነክታችሁ እዩ፤ የደህንነት ሰንሰለቱንም እሰሩ። ከጎታቹ የተፈታ ተሳቢ ላይ መኪና አይጫንም። "ለአንድ ደቂቃ ነው" ቢሏችሁም አይሆንም።

መወጣጫዎቹም ከተሳቢው ጋር በፒን ወይም በሰንሰለት ይታሰሩ። የሚነዳው ጎማ መወጣጫውን ሲይዝ ወደ ኋላ ይረግጠዋል። ያልታሰረ መወጣጫ ተወርውሮ ይወጣል፤ መኪናውም ይወድቃል። በሁለቱ መወጣጫዎች መሀል ያለው ርቀት በግራና በቀኝ ጎማዎቹ መሀል ካለው ጋር እኩል መሆኑንም መኪናው ሳይንቀሳቀስ በገመድ ለኩ። በዓይን "ይሆናል" አይባልም።

አንድ ጠቋሚ

ከከተማ ዳር ስትጭኑ ሰው መሰብሰቡ አይቀርም። የሰፈሩ ጫኝና አውራጅ ወጣቶች ይመጣሉ። ከእነሱ ጋር ዋጋ ስትነጋገሩ ማን የት እንደሚቆም አብራችሁ ተነጋገሩ። እኔ "ወንድሞቼ፣ መግፋት የለም። ልጆችንና መንገደኛን አርቁልኝ፤ ክፍያችሁ ያው ነው" እላቸዋለሁ። በደስታ ይሠሩታል፤ ከእኔ በላይ ሰፈሩ የሚሰማው እነሱን ነው። ሕፃናትን ለማራቅ ደግሞ ከእነሱ የተሻለ የለም፤ የማን ልጅ እንደሆነ ሁሉ ያውቃሉ።

አምስት ሰው "ና!"፣ "ወደ ግራ!"፣ "ኧረ ወደ ቀኝ!" ሲል ሹፌሩ የማንንም አይሰማም። ጠቋሚው አንድ ሰው ይሁን። መሬት ላይ፣ በሹፌሩ ጎን፣ ከተሳቢው ፊት ገባ ብሎ ይቁም፤ ሹፌሩ አንገቱን ሳያዞር እንዲያየው። ምልክቱም በእጅ ነው፤ በሞተር ድምፅ መሀል ጩኸት ይሳሳታል። ሹፌሩ ጠቋሚውን ካላየው ወዲያው ያቆማል። "ቁም!" ማለት ግን የሁሉም መብት ነው። የሰማው ሰው መጀመሪያ ያቆማል፣ ምክንያቱን ከዚያ ይጠይቃል።

ሹፌሩ መስኮቱን ይክፈት፣ ሬዲዮውን ያጥፋ፣ ቀበቶውን ይሰር። መሪውን መሬት ላይ እያለ ያስተካክል። መወጣጫው ላይ መሪ አይታጠፍም። ከመስመር ከወጣ ቀስ ብሎ ቀጥታ ወደ ኋላ ይውረድና እንደገና ይጀምር። ግማሽ ላይ ቆሞ በፍሪሲዮን መንጠልጠልም ጥሩ አይደለም። ወለሉ ላይ ሲደርስ ለስለስ አድርጎ ያቁም፤ ማርሽ አስገብቶ የእጅ ፍሬን ይሳብ። ከተሳቢው ሲወርድ አይዝለል። ፊቱን ወደ ተሳቢው አዙሮ፣ እየያዘ ይውረድ። ነጠላ ጫማ አድርጎ የመጣ ሰው ደግሞ ተሳቢዬ ላይ አይወጣም።

በዊንች ሲጎተት

የማይነሳ መኪና በዊንች ይወጣል። የዊንቹ ካቮ፣ የብረት ገመዱ፣ ሲወጠር ብዙ ጉልበት ያጠራቅማል፤ ቢበጠስ ወደ ሁለቱም ጫፍ ይገረፋል። ከካቮው መስመር ውጡ። አትሻገሩት። መሀሉ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም አፈር ያለበት ጆንያ ጣሉበት፤ ቢበጠስ ያከብደዋል። ክሮቹ የተበጣጠሱ ካቮ ይቀየራል። ያለ ወፍራም ጓንት አይነካም፤ ተንሸራቶ በሚሄድ ካቮ ላይ ግን በጓንትም ቢሆን እጅ አይደረግም። ካቮው የሚጠመጠምበት ከበሮ ላይ ቢያንስ 5 ዙር ይቅር፤ ጭነቱን የሚይዙት እነዚያ ዙሮች ናቸው እንጂ ጫፉ ላይ ያለው ብሎን አይደለም። ዊንቹ ላይ የተጻፈው ክብደትም ካቮው ከበሮው ላይ በመጀመሪያው ንብርብር ሲሆን ነው። ንብርብሩ ሲበዛ ጉልበቱ ይቀንሳል።

መንጠቆውን ፓራውልት ላይ አታድርጉ። መኪናው የራሱ የመጎተቻ ቀለበት አለው። ብዙ ጊዜ ከመለዋወጫ ጎማው ጋር ተቀምጦ ታገኙታላችሁ፤ ፓራውልቱ ላይ ካለች ትንሽ ክዳን ሥር ይታሰራል። አንዳንድ የአውሮፓ መኪኖች ላይ የሚታሰረው ወደ ግራ በመዞር ነው፤ እምቢ ካለ በኃይል አታስገቡት። እስከ መጨረሻው መግባቱን ሳታዩም አትሳቡ።

የኤሌክትሪክ መኪኖች

በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ሥራችን ተቀይሯል። ቪትዝ 1 ቶን ገደማ ነው። አይዲ 6 የሚባለው የኤሌክትሪክ መኪና ከ2 ቶን በላይ ነው። ለቪትዝ የተሠራ መወጣጫና ለቪትዝ የተገዛ ቀበቶ ለዚህ አይበቃም። ተሳቢው ላይ ያለውን፣ የሚችለውን ክብደት የሚናገር ሰሌዳ አንብቡ፤ የተሳቢው የራሱ ክብደትም እንደሚቆጠር አትርሱ።

የሚያስፈራኝ ግን ክብደቱ ሳይሆን ዝምታው ነው። የቆመ የኤሌክትሪክ መኪና ድምፅ የለውም። ሰው የጠፋ መስሎት ፊቱ ያልፋል፤ እግር ፔዳል ሲነካ ይንቀሳቀሳል። ሹፌሩ ከመነሳቱ በፊት ለጠቋሚው በእጁ ያሳውቅ። ሲጨርስ ደግሞ መኪናውን አጥፍቶ ቁልፉን ይዞ ይውረድ።

ባትሪው ከሆዱ ሥር ነው። መወጣጫው ከወለሉ ጋር የሚገናኝበት ማዕዘን ሹል ከሆነ ሆዱ ይቧጨራል። መወጣጫውን አስረዝሙ፣ ወይም ጫፉን በሳንቃ ከፍ አድርጉ። ትንሹ 12 ቮልት ባትሪ ከሞተ የእጅ ፍሬኑ በኤሌክትሪክ ስለሆነ አይለቅም። የተቆለፈ ጎማ በዊንች አይጎተትም። ጎማ ሥር የሚገባ መንኮራኩር ያለው መንሸራተቻ ይኑራችሁ፣ ወይም በሌላ 12 ቮልት አስነሱት። የሚነዱ ጎማዎቹን መሬት ላይ እያዞሩ መጎተትም ሞተሩን ኃይል እንዲያመነጭ ስለሚያደርገው ይጎዳዋል፤ እነዚህ መኪኖች አራቱም ጎማቸው ተሳቢው ላይ ነው የሚሄዱት።

ተጋጭቶ ሆዱ የተመታ ከሆነ ቆም በሉ። ጭስ፣ የማፏጨት ድምፅ ወይም እንግዳ ሽታ ካለ አትንኩት፤ ራቁና ወደ አዲስ አበባ እሳት አደጋ 939 ደውሉ። ደህና መስሎም ዘግይቶ ሊቀጣጠል ይችላል። ስታራግፉት ከሌላ መኪናና ከቤት አርቁት።

ባጃጅና ትራክተር

ባጃጅ ሦስተኛ መወጣጫ ይፈልጋል፤ የፊት ጎማው መሀል ላይ ነውና። ሰው ይህን ረስቶ በእጅ አንስቶ ሊያስገባው ሲታገል አይቻለሁ። በጠባብ ሳንቃ ላይ ባጃጅ በቀላሉ ይገለበጣል። መሀሉን ሳንቃ አጥብቃችሁ እሰሩና በዊንች ቀስ ብላችሁ ሳቡት፤ ውስጡ ሰው አይቀመጥ።

ትራክተር የሚገፋው በኋላ ጎማው ነው። ቀጥ ብሎ በቆመ መወጣጫ ላይ ፊቱን ይዞ ሲወጣ የፊት ጎማዎቹ ተነስተው ወደ ኋላ ሊገለበጥ ይችላል፤ ለዚህ ነው በኋላ ማርሽ የሚወጣው። ከመነሳቱ በፊት ሁለቱ የፍሬን ፔዳሎች አንድ ላይ መቆለፋቸውን እዩ። እርሻ ላይ ለመታጠፍ ለየብቻ ይሠራሉ፤ መወጣጫ ላይ አንዱ ብቻ ከተረገጠ ትራክተሩ ወደዚያ ጎን ይዞራል። ማረሻው ወይም ሌላ ዕቃ ከኋላው ካለ አስቀድሞ ይፈታ።

ክብደትና ማሰሪያ

መኪናው የት ላይ እንደሚቆም በግምት አትወስኑ። ከጭነቱ 60 በመቶ ያህሉ ከአክስሉ ወደ ፊት ይሁን። ሞተሩ ፊት ያለው መኪና ፊቱን ይዞ ከወጣ ይህ ቀላል ነው። ክብደቱ ወደ ኋላ ከበዛ ተሳቢው ፍጥነት ሲጨምር ይወዛወዛል፤ በቱሉ ዲምቱ በኩል ወደ አዳማ ፈጣን መንገድ ስትወጡ ነው የምታውቁት፣ ያኔ ደግሞ ረፍዷል። ጋንቾው ላይ የሚያርፈውም ከመጠን በላይ አይሁን፤ የጎታቹ ቂጥ ከተቀመጠ መኪናውን ትንሽ ወደ ኋላ መልሱት።

ቀበቶ ቢያንስ አራት ነው፤ ለእያንዳንዱ ጎማ አንድ። በጎማው ላይ አልፎ የሚታሰር ቀበቶ ጥሩ ነው፤ መኪናው በባሌስትራው ቢነጥርም ማሰሪያው አይላላም። ማሰሪያው በጠቅላላ ወደ ፊት ለመሄድ የሚገፋውን የመኪናውን ክብደት 80 በመቶ፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ደግሞ ግማሹን መያዝ አለበት። ስለዚህ ቀበቶው ላይ የተሰፋውን ጽሑፍ አንብቡ። ጽሑፉ የተነቀለ፣ ጠርዙ የተቆረጠ ወይም ቋጠሮ ያለበት ቀበቶ ይጣል። ሹል ብረት ላይ የሚያልፍ ከሆነ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ጣል አድርጉበት። በታኮም ከፊትና ከኋላ ያዙ። የእጅ ፍሬን ብቻውን ማሰሪያ አይደለም።

የድጋፍ እግሮቹን አንሱ፤ መወጣጫዎቹን እሰሩ፤ የተሳቢውን መብራትና ፍሬቻ አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ ይይ። ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ አንዴ ቁሙና ቀበቶውን እንደገና አጥብቁ፤ መጀመሪያ ላይ ሁሌም ይላላል።

ስታራግፉም ሕጉ አንድ ነው፤ በመንገድ ላይ መኪናው ትንሽ ሊንሸራተትና በማሰሪያው ብቻ ተይዞ ሊቆም ይችላል። ጎታቹን አቁሙ፣ የፊት ጎማውን በታኮ ያዙ፣ የድጋፍ እግሮቹን አውርዱ። ከዚያ አንድ ሰው መኪናው ውስጥ ገብቶ ፍሬን ይያዝ፤ የማይነሳ ከሆነም ዊንቹ ይወጠር። ቀበቶው የሚፈታው ከዚያ በኋላ ነው፤ የሚፈታውም ከጎን ቆሞ ነው። ሰው ከተጎዳ 907 ቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው፤ ቁጥሩን ተሳቢው ጎን ላይ በቀለም አስጽፌዋለሁ፣ እናንተም አስጽፉት።